«ፓታላ ባይራቪ»፦ ያየሽው ሌላ ፊልም ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ቪሻካፓትናም አንድራ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲ እየሰራሁ ነው፣ ልጆቼም አብረውኝ ናቸው፣ አንዱ 7 አንዷ 11 ዓመቷ ነው። አከራያችን ትልቅ ሴት ናቸው፣ ‹ፓታላ ባይራቪ› ስለሚባል የድሮ የንጉሥና የሰይፍ ፊልም ሁሌ ያወሩልኛል፣ ስሙን ሲጠሩ ራሱ ፊታቸው ይበራል። ፈልጌ አየሁት፣ ባለ ቀለም ህንድኛ ፊልም ነው፣ ከ30 ደቂቃ በላይ አልቻልኩም፣ ጩኸትና ዳንስ በዛብኝ። ኋላ ሳነብ ደሞ ታሪኩ ከአላዲን የተሰረቀ ነው ይላል። የኡጃይን ንጉሥ የሚባለው በታሪክ የነበረ ሰው ነው? ይሄን ያህል የሚያስወራው ምኑ ነው? ለልጆቼስ ላሳያቸው? ሴትዮዋን ማስቀየም አልፈልግም፣ ወደድኩት ብዬ መዋሸትም አልፈልግም።»

ያየሽው ሌላ ፊልም ነው። ባለ ቀለሙ 1985 የወጣ የሂንዲ ሪሜክ ነው፣ ጂተንድራና ጃያ ፕራዳ የሰሩበት (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ ነው)። አከራይሽ የሚያወሩልሽ ግን ማርች 15 ቀን 1951 ማለትም በኛ መጋቢት 6 ቀን 1943 ቴአትር ቤት የገባ ጥቁርና ነጭ የቴሉጉ ፊልም ነው፣ በሁለቱ መሀል 34 ዓመት አለ፣ ዳይሬክተሩም አክተሩም መንፈሱም ሌላ ነው። ችግሩ ስሙ አንድ መሆኑ ነው፣ ሰርች ስታደርጊ ደሞ ባለ ቀለሙ ቀድሞ ይመጣል። እንደውም በዚ ስም አራት ነገር አለ፦ የመጀመሪያው የቴሉጉው ነው፣ ሁለተኛው ከሱ ጋር ጎን ለጎን ተቀርፆ ሜይ 1951 የወጣው የታሚሉ ነው፣ ሦስተኛው 1952 የወጣው በሂንዲ ድምፅ ደብ የተደረገው ነው፣ አራተኛው አንቺ ያየሽው ነው። ለመለየት ቋንቋ መቻል አያስፈልግሽም፣ መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ እይ፦ የሂንዲ ፊደል ከላይ ካለ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው፣ የታሚሉ ማዕዘን ይበዛዋል፣ የቴሉጉው ክብ ክብ ሆኖ አናቱ ላይ እንደ «ራይት» ምልክት ያለች ጭረት አለችው፣ እሱን ደሞ አንቺ በየቀኑ ባስ ላይ ታዪዋለሽ።

«ህንድኛ» ያልሽውንም ላርመው፣ ምክንያቱም ነገሩን ሁሉ የሚያበላሸው እሱ ነው። ህንድኛ የሚባል አንድ ቋንቋ የለም። እኛ አገር ቪዲዮ ቤት ተሰልፈን ያየነው አብዛኛው ፊልም ከቦምቤይ የሚመጣ የሂንዲ ፊልም ስለነበር «የህንድ ፊልም» ስንል እሱን ብቻ ማለታችን ሆኖ ቀረ። ቴሉጉ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፣ ከሂንዲ ጋር በቋንቋ ቤተሰብ ራሱ አይገናኝም። አማርኛና ኦሮምኛ እንኳን ሩቅ ቢሆኑም አንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፣ ቴሉጉና ሂንዲ ግን ዘራቸው ሌላ ነው፣ ቴሉጉ ድራቪዲያን ነው ሂንዲ ከነፋርስኛና እንግሊዝኛ ወገን ነው። የፊልም ኢንዱስትሪውም ለብቻው ነው ያደገው፣ የራሱ ስቱዲዮ የራሱ ገጣሚ የራሱ ስታር አለው። ስለዚ ለአከራይሽ «የቦሊውድ ፊልማችሁን አየሁት» እንዳትያቸው፣ በጣም ነው የሚከፋቸው፣ ትክክልም ናቸው።

የተሰራው ማድራስ ነው፣ የዛሬዋ ቼናይ። ያኔ አንድራ የሚባል ክልል ገና አልተመሰረተም ነበር፣ የቴሉጉ ተናጋሪው የባህር ዳርቻ አገር የማድራስ ግዛት አካል ነበረ፣ አንድራ 1953 ለብቻው ወጣ፣ አንድራ ፕራዴሽ የሚባለው ደሞ 1956 ነው። ስቱዲዮው ማድራስ ስለነበር ቴሉጉውም ታሚሉም እዛው ይሰሩ ነበር፣ ለቀረፃ የሚሆነውን የቤተመንግሥት ግንባታ (የፊልም ሴቱን) አንዴ ሰርተው በሁለት ቋንቋ መቅረፅ ወጪ ይቆጥባል፣ ሁለት ቨርዥን የኖረው በዚ ምክንያት ነው። የታሚሉም በራሱ የተቀረፀ ፊልም ነው፣ ደብ የተደረገው የሂንዲው ነው። ፕሮዲዩሰሮቹ ናጊ ሬዲና ቻክራፓኒ ናቸው፣ ድርጅታቸው ቪጃያ ይባላል፣ ይሄ ሁለተኛ ፊልማቸው ነበር። የመጀመሪያው 1950 የወጣ ስለ አንድ አበዳሪ ሽማግሌና ጎረቤቶቹ የሚያወራ የሰፈር ታሪክ ነበር፣ ጥሩ ፊልም ነው ግን ገበያ ላይ ብዙም አልሄደም። እነዚ ሁለት ሰዎች ከፊልሙ በፊት 1947 ላይ «ቻንዳማማ» የሚባል የልጆች የተረት መጽሔት ያቋቋሙ ናቸው።

ታሪኩን ላስታውስሽ፣ ምክንያቱም ሪሜኩን ሠላሳ ደቂቃ አይተሽ ታሪኩ ገብቶሻል ብዬ አላምንም። ቶታ ራሙዱ የሚባል የቤተመንግሥት አትክልተኛ ልጅ አለ፣ «ቶታ» በቴሉጉ የአትክልት ቦታ ማለት ነው፣ ስሙ ራሱ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገርበታል። የኡጃይን ንጉሥ ልጅ ኢንዱማቲን ይወዳል፣ ግንብ ዘሎ ይገባል፣ ይያዛል። ንጉሡ ሊያስገድለው ሲል ድፍረቱን አይቶ አንድ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጥለታል፣ እኔን የሚያህል ሀብት ይዘህ ና ያኔ ልጄን እሰጥሃለሁ። በዛው ሰሞን ከኔፓል የመጣ አንድ አስማተኛ፣ ፓታላ ባይራቪ ለምትባል አምላክ ደፋር ጎረምሳ ከሰዋ የፈለገውን ሁሉ የምትሰጠው ትንሽ ሐውልት እንደሚያገኝ አውቆ ሰው እየፈለገ ነው። ልጁን ያገኘዋል፣ ሀብታም አደርግሃለሁ ብሎ ይወስደዋል። ልጁ ከመሰዋቱ በፊት ሊታጠብ ኩሬ ሲገባ አዞ ይመጣበታል፣ አዞው ሲሞት እርግማን ላይ የነበረች የሰማይ ሴት ሆና ትወጣና ምን እንደተደገሰለት ትነግረዋለች፣ እሱም አስማተኛውን ራሱን ይሰዋውና ሐውልቷን ይዞ ይመለሳል። ቤተመንግሥት፣ ወርቅ፣ ሰርግ። ከዛ የአስማተኛው ደቀመዝሙር ጌታውን ከሞት ያስነሳዋል፣ አስማተኛው የንግሥቲቱን ወንድም አታሎ ሐውልቷን ያስመጣና ልዕልቲቱንም ሀብቱንም ጠራርጎ ይጠፋል፣ ራሙዱ ከጓደኛው ከአንጂ ጋር ፍለጋ ይወጣል፣ አስማተኛውን ጺሙን እንዲላጭ አታለው ኃይሉን ያሳጡታል፣ መጨረሻው በሰይፍ ነው።

እና ኡጃይን እውነት ነው ወይ? ከተማዋ እውነት ናት፣ ማድያ ፕራዴሽ ውስጥ ሺፕራ ወንዝ ዳር ያለች በጣም የቆየች ከተማ ናት፣ በየ12 ዓመቱ ኩምብ ሜላ የሚባለው ትልቅ የሂንዱ ንግሥ የሚደረግባት። ንጉሡ ግን የለም፣ አልነበረም፣ በታሪክ መጽሐፍ እንዳትፈልጊው። ኡጃይን የንጉሥ ቪክራማዲትያ ተረቶች አገር ስለሆነች የህንድ ተረት ነጋሪ «አንድ ንጉሥ ነበረ» ሲል እጁ መጀመሪያ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። የቴሉጉ ሰዎች ራሳቸው የድሮ ፊልሞቻቸውን ሲመድቡ የአማልክቱን «ፓውራኒካ» ይሉታል፣ የዘመኑን ኑሮ የሚያሳየውን «ሳንጊካ»፣ የንጉሥና የሰይፍ የአስማትና የልዕልት የሆነውን ደሞ «ጃናፓዳ»፣ የሕዝቡ ተረት እንደማለት ነው። ይሄ ፊልም ጃናፓዳ ነው። አያትሽ ከምድጃው አጠገብ «ተረት ተረት» ሲሉ አንቺም «የላም በረት» ብለሽ ስትመልሺ ንጉሡ የየት አገር ንጉሥ ነው ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም አይደል፣ ይሄም እንደዛው ነው።

አሁን ስርቆቱ ጋ እንምጣ። የአላዲን ጥላ እንዳለበት ግልፅ ነው፣ ድሃ ልጅ፣ ለራሱ ጥቅም የሚፈልገው አስማተኛ፣ ምኞት የሚሞላ ዕቃ፣ ባንድ ሌሊት የሚበቅልና ባንድ ሌሊት የሚጠፋ ቤተመንግሥት፣ ይሄን ማንም አልደበቀም። ግን ሌላውም ምንጩ አለ፣ «ካሺ ማጂሊ ካታሉ» የሚባል የማዲራ ሱባና ዲክሺቱሉ የቴሉጉ ተረት ስብስብ። ማጂሊ መንገደኛ የሚያርፍበት ቦታ ነው፣ ካሺ ደሞ ቅድስቲቱ ከተማ ቫራናሲ ናት፣ መምህርና ልጅ እግር ተጓዥ ወደ ካሺ በእግር ሲሳለሙ ባረፉበት ባረፉበት ቦታ መምህሩ አንድ አንድ ተረት ይነግረዋል። እስቲ አስቢው፣ ይሄ የኛ ሰው ለንግሥ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚያወራው አይደል እንዴ! ተረት ድንበር አያውቅም፣ አላዲን ራሱ ቻይና ውስጥ የተደረገ ተብሎ በአረብኛ የተነገረ በፈረንሳይ ሰው መጽሐፍ ዓለምን የዞረ ታሪክ ነው፣ ማን ከማን ሰረቀ ብለሽ ብትነሺ መጨረሻ የለውም። ዳይሬክተሩ ኬ. ቪ. ሬዲ በዚ የተካነ ሰው ነበር፣ ከዚ ፊልም ሁለት ዓመት በፊት የሼክስፒርን ኪንግ ሊር ወስዶ «ጉናሱንዳሪ ካታ» ብሎ የቴሉጉ ተረት አድርጎታል፣ ሦስቱ ሴት ልጆችና አባታቸው ንጉሡ አሉ፣ ግን እዛው አገር የተወለደ ነው የሚመስለው። ስርቆት የሚባለው ልብሱን ወስዶ አካሉን መተው ነው፣ እሱ ያደረገው ግን ታሪኩን አምጥቶ እዛ አገር ማሳደግ ነው።

እዚ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚያልፈውን ነገር ልነግርሽ የምፈልገው፣ ለኔ የፊልሙ ልብ እሱ ስለሆነ። የንጉሥ ፊልም ነው ብለን እናወራለን፣ ግን የወጣበትን ጊዜ እይው። ህንድ 1947 ነፃ ስትወጣ ከ500 በላይ ትናንሽና ትላልቅ የንጉሥ ግዛቶች ነበሩባት፣ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ሁሉም ተጠቃለሉ። ከነሱ በሕዝብ ብዛት ትልቁ ሃይደራባድ ነበረ፣ ግማሹ የቴሉጉ ተናጋሪ አገር ቴላንጋና ኒዛም በሚባለው የሃይደራባድ ንጉሥ ስር ነበረ። ኒዛም ኦስማን አሊ ካን ማለት ታይም መጽሔት 1937 ላይ የዓለም ቁጥር አንድ ሀብታም ብሎ ሽፋኑ ላይ ያወጣው ሰው ነው። ሴፕቴምበር 1948 የህንድ ጦር ገብቶ ግዛቱን ያዘ። ቴላንጋና ውስጥ ደሞ ገበሬው በመሬት ጉዳይ መሳሪያ አንስቶ ሲዋጋ ቆይቶ 1951 ላይ ገና ማብቃቱ ነበር። ሕገ መንግሥቱ 1950 ጃንዋሪ ጀመረ፣ የመጀመሪያው ሁሉም ሰው የሚመርጥበት ምርጫ ደሞ 1951 መጨረሻ ላይ ተጀመረ። በዚ መሀል ነው ይሄ ፊልም ቴአትር ቤት የገባው! የአትክልተኛ ልጅ ንጉሥ ፊት ቆሞ «እኔን ካላከልክ ልጄን አታገባም» ሲባል፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰውዬ እኮ በሱ ዕድሜ የዓለም ሀብታም የተባለው ንጉሥ ሥልጣኑን ሲያጣ ያየ ወይ በሬዲዮ የሰማ ነው። ፊልሙ ፖለቲካ አያወራም፣ ንጉሡንም አያዋርድም፣ ንጉሡ እንደውም ቃሉን የሚያከብር ደግ ሰው ነው። ግን የሀብትን ነገር እንዴት እንዳየው ልብ በይ፦ ልጁ በአስማት ያገኘው ሀብት በአስማት ይሄዳል፣ ልዕልቲቱን መልሶ የሚያመጣት በድፍረቱ፣ በጓደኛው ብልጠትና በሰይፉ ነው። ይሄን የሠሩት ሰዎች በዛ ዓመት ለዛ ሕዝብ ይሄን ማውራታቸው በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። ይሄ የኔ ንባብ ነው፣ ሌላ ሰው ተራ ተረት ነው ሊልሽ ይችላል፣ ግን ካየሽው በኋላ ንገሪኝ።

አክተሩን በተመለከተ፣ ኤን. ቲ. ራማ ራኦ ያኔ 27 ዓመቱ ነበር፣ ፊልም ከጀመረ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ያሰበው የዛኔውን የጃናፓዳ ኮከብ አኪኔኒ ናጌስዋራ ራኦን ነበር ይባላል። የሚነገረው ወሬ ሁለቱ ሌላ ፊልም ላይ አብረው ሲሰሩ በእረፍት ሰዓት ቴኒስ ሲጫወቱ ራማ ራኦ ኳስ ስቶ ተናዶ በሙሉ ኃይሉ ሜዳውን አሻግሮ ሲመታው ኬ. ቪ. ሬዲ አይቶ፣ ራሙዱ ይሄ ነው አለ የሚል ነው። እውነትም ይሁን የተጋነነ፣ ፊልሙን ስታዪ ያ ንዴት አለ፣ ንጉሥ ፊት አንገቱን አይደፋም። ከዚ ፊልም በኋላ ነው ትልቅ ስታር የሆነው፣ ከ300 የማያንስ ፊልም ሰራ፣ አምላክ ክሪሽናን ደጋግሞ ከመጫወቱ የተነሳ ሰው ፎቶውን ቤቱ ሰቀለ፣ 1982 ፓርቲ አቋቋመ፣ በዘጠኝ ወሩ ጃንዋሪ 1983 ላይ የአንድራ ፕራዴሽ ዋና ሚኒስትር ሆነ። አከራይሽ ስሙን ሲጠሩ የሚሰማሽ ነገር የአክተር አድናቆት ብቻ አይደለም፣ የአትክልተኛው ልጅ እውነትም ቤተመንግሥት ገባ እኮ፣ ግንብ ዘሎ ሳይሆን በምርጫ።

ግን ፊልሙ የማን ነው ብትዪኝ የአስማተኛው ነው እላለሁ። ኤስ. ቪ. ራንጋ ራኦ ያኔ ገና 32 ዓመቱ ነው፣ ፂምና ካባ አድርገውበት ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ከመድረክ የመጣ ሰው ነው፣ ድምፁን ዝቅ ከፍ የሚያደርግበት መንገድ አለው፣ አንዱን ቃል ያሽሞነሙነዋል ሌላውን ይወረውረዋል። ጽሑፉን የጻፈው ፒንጋሊ ናጌንድራ ራኦ ቃል መፍጠርና የተረሳ ቃል ማምጣት የሚወድ ገጣሚ ነበረ። አስማተኛው ልጁን ሲያደፋፍር «ሳሃሳም ሴያራ ዲምባካ» የሚላት ነገር አለች፣ ድፈር አንተ ልጅ እንደማለት ነው፣ ድፈርና ልዕልቲቱ ያንተ ናት ይለዋል። «ዲምባካ» ማንም በወሬ የማይጠቀምበት የመጽሐፍ ቃል ነበረ፣ ከዚ ፊልም በኋላ ከ70 ዓመት በላይ የሰው አፍ ላይ ቀረ። እስቲ ነገ ጠዋት ለአከራይሽ ይቺን በያቸውና ፊታቸውን እይ። የሂንዲው ደብም ሪሜኩም የሚያጡት ይሄን ነው፣ ታሪኩን መተርጎም ይቻላል፣ የዚ ሰውዬ አፍ ግን አይተረጎምም። በኛ አገር ቅኔ አዋቂ አጠገብ ተቀምጦ የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል፣ ትርጉሙን ብቻ ቢነግሩሽ ጣዕሙ የለም።

ካሜራውም መታየት አለበት። ካሜራማኑ ማርከስ ባርትሌይ የሚባል አንግሎ ህንዳዊ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ላይ የጨረቃ ብርሃን መስራት የሚችል ሰው ነበር፣ ልዕልቲቱና ልጁ በሌሊት የአትክልት ቦታው ውስጥ ሲዘፍኑ ሁሉም ስቱዲዮ ውስጥ የተሰራ መሆኑን ትረሺዋለሽ። የፊልም ሴቱን የሠሩት ጎካሌና ካላዳር ናቸው፣ ሁለቱም ሰዓሊዎች ናቸው። አስማቱ ሁሉ ያለ ኮምፒውተር ነው፣ ካሜራ አቁሞ ሰው አንስቶ መቀጠል፣ አንድ ፊልም ላይ ሁለቴ መቅረፅ፣ ትናንሽ ሞዴል ቤት፣ ክር። ዛሬ ልጆችሽ የለመዱትን ስታይ ያስቃል ልትዪ ትችያለሽ፣ ግን አስተውለሽ ካየሽ እያንዳንዱ ዘዴ ለታሪኩ ነው የገባው፣ ለማሳየት ብቻ የገባ የለም። ሙዚቃው የጋንታሳላ ነው፣ ለራሙዱ የሚዘፍነውም ራሱ ነው፣ ለልዕልቲቱ ፒ. ሊላ ናት የምትዘፍነው። ያኔ ዘፋኝ ሌላ አክተር ሌላ መሆኑ የተለመደ ነው፣ ስለዚ ዘፈኑ ላይ አፍና ድምፅ ትንሽ ሲለያይ ኮፒው ተበላሽቷል ወይ ደብ ነው ብለሽ እንዳትዘጊው። አንድ ቦታ ላይ የምትጨፍር ልጅ እግር ታያለሽ፣ ሳቪትሪ ናት፣ ኋላ የቴሉጉና የታሚል ሲኒማ ትልቋ ተዋናይት የሆነችው፣ እዚ ገና ማንም አያውቃትም።

ድክመት የለውም አልልም። ከ3 ሰዓት በላይ ነው፣ መሀሉ ላይ የንግሥቲቱ ወንድም ቀልድ ይረዝማል፣ ሬላንጊ ጎበዝ ኮሜዲያን ነው ግን ዛሬ ቴሉጉ ለማይሰማ ሰው ግማሹ ይጠፋል። ልዕልት ኢንዱማቲ ደሞ ከመወደድና ከመጠለፍ ውጪ ብዙ የምታደርገው የላትም፣ ኬ. ማላቲ ያላትን ሁሉ ሰጥታለች ጽሑፉ ግን ለሷ ትንሽ ነው የሰጣት፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅ ይዘሽ ስታዪው ይሄን ልጅሽ ትጠይቅሻለች፣ ብትጠይቅም ጥሩ ነው። እንዲም ሆኖ ያኔ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው ልንገርሽ፣ በ28 ቴአትር ቤት ሳይቋረጥ 100 ቀን የታየ የመጀመሪያው የቴሉጉ ፊልም ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት 1952 ህንድ የመጀመሪያዋን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ቦምቤይ ላይ ስታዘጋጅ ከደቡብ ሄዶ እዛ ታይቷል።

ልጆቹን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ ልስጥሽ። ለ11 ዓመቷ አሳዪያት። ለ7 ዓመቱ የመስዋዕቱን ክፍል አንቺ ቀድመሽ ሳታዪ አታሳዪው፣ አምላክቷ ፊት ሰው በሰይፍ የሚሰዋበት ቦታ ነው፣ ደም የሚባል ነገር ብዙ ባይታይም ሐሳቡ ራሱ ለትንሽ ልጅ ያስፈራል፣ አስማተኛው ከሞት የሚነሳበትም እንደዛው። በቀን አሳዪው፣ ማታ ሊተኛ ሲል አይሆንም። ሌላው ጥንቃቄ ሃይማኖቱ ነው። ባይራቪ ዛሬም ሰው የሚያመልካት፣ ቤተ መቅደስ ያላት የእናት አምላክ አንድ ገፅታ ናት፣ ምኞት የምትሞላው ሐውልትና የሰው መስዋዕቱ ግን የተረቱ ነው፣ ልጆችሽ ትምህርት ቤት ሄደው ለጓደኞቻቸው «የናንተ አምላክ ሰው ትበላለች» ብለው እንዳይመለሱ ቀድመሽ አስረጂያቸው። እኛም ስለኛ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ ከፊልም ተነስቶ ሰው ሲያወራ እንዴት እንደሚያመን እናውቃለን። ኔፓልም እንደዛው፣ ለደቡብ ህንድ ተረት ኔፓል ማለት ከተራራው ማዶ ያለ አስማት የሚያውቅ ሩቅ አገር ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኔፓል ተማሪ ካለ አብሮሽ ሲያይ ይሄን ተረድተሽ ይሁን።

ከዚ በኋላ የሚቀርሽ አንድ ውሳኔ ነው፣ እኔ የምመክርሽ የታሚሉንም የሂንዲውንም ትተሽ የቴሉጉውን እንድታዪ ነው፣ ብቻሽን ደሞ አይደለም። ቴሉጉሽ ገና ቢሆንም እንግሊዝኛ ሰብታይትል ያለው ፈልጊና ቅዳሜ ከሰዓት አከራይሽን አብረን እንይ በያቸው። ሁለት ቀን ክፈሉት፣ ራሙዱ ሐውልቷን ይዞ የተመለሰበት ጋ ብታቆሙ ጥሩ ቦታ ነው። ሰብታይትሉ የማይነግርሽን እሳቸው ይነግሩሻል፣ የትኛው ቃል እንደሚያስቅ፣ የትኛው ዘፈን ሰርግ ላይ ይዘፈን እንደነበር፣ ማን ጋር ቁጭ ብለው እንዳዩት። እኔ ሃይደራባድ ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁት ብቻዬን በላፕቶፕ ነበር፣ ደህና ፊልም ነው ብዬ አለፍኩት፣ በዓመቱ የጓደኛዬ አያት ቤት ደግሜ ሳየው ሴትዮዋ ከአስማተኛው ጋር እኩል እያሉ እያንዳንዱን ንግግር በቃላቸው ሲወጡት ስሰማ ነው ምን እንዳመለጠኝ የገባኝ። ስለመዋሸቱ አትጨነቂ፣ «ያየሁት ሌላ ነበር፣ የናንተን ገና አላየሁም» ማለት እውነትም ነው፣ ለሳቸውም ከዚ የሚበልጥ ደስታ የለም።

ከወደድሽው ቀጥሎ የዚሁ ቡድን «ማያባዛር» 1957 ይሁን፣ ዳይሬክተሩ ያው ኬ. ቪ. ሬዲ ነው፣ ራንጋ ራኦም አለ፣ እሱ ማሃባራታ ከሚባለው ረጅሙ የህንድ የጥንት ተረክ ሰዎችን ይዞ የተሰራ ስለሆነ ግን መጀመሪያ የማን ልጅ ማን እንደሆነ አከራይሽን ጠይቂ አለዚያ ትጠፊያለሽ። የሰይፉ ነገር ከሆነ የያዘሽ 1960 የወጣው የቢ. ኤን. ሬዲ «ራጃ ማኩታም» አለ፣ የናጊ ሬዲ ታላቅ ወንድም ነው፣ እሱም ራማ ራኦ ነው የሚሰራው፣ አስማት የለበትም የዙፋን ሽኩቻ ነው። የቅርብ ጊዜውን የቴሉጉ የንጉሥ ፊልም «ባሁባሊ»ን መጀመሪያ አሳዪን ብለው ልጆቹ ሊያስቸግሩሽ ይችላሉ፣ እሱ ይቆይ፣ የዛ ሁሉ ሥር እዚ ነው፣ ሥሩን ካዩ በኋላ ቢያዩት ይበልጥ ያጣጥሙታል።

ኮፒ ስትመርጪ ደሞ ከመጀመርሽ በፊት የቆይታ ሰዓቱን እይ። ሰው የሚጭናቸው ብዙዎቹ ዘፈን የተቆረጠባቸው ወይ መሀሉ የጎደለ ናቸው፣ 3 ሰዓት ካልሞላ ዝጊውና ሌላ ፈልጊ።